የብራህማ አንድ ቀን

በጥንቶቹ የህንድ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ስሌት፣ ዛሬ ያለንበት ዘመን ካሊ ዩጋ ይባላል። የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3102 ሲሆን 432,000 ዓመት ይቆያል። ያለፈው ገና 5,100 ዓመት ከጥቂት ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ሦስት ዘመናት ሁለት፣ ሦስትና አራት እጥፍ ይረዝማሉ። አራቱ ሲደመሩ 4,320,000 ዓመት ይሆናሉ፤ ይህ አንድ ማሃ ዩጋ ነው። አንድ ሺህ ማሃ ዩጋ ሲሞላ ፈጣሪው ብራህማ አንድ ቀን ዋለ ይባላል፦ 4,320,000,000 ዓመት። ሌሊቱም ያንኑ ያህል ነው። ብራህማ በዚህ ስፍር 100 ዓመት ይኖራል፤ በእኛ ቆጠራ 311,040,000,000,000 ዓመት።

እያንዳንዱ ዓመት አንድ የጤፍ ፍሬ ነው እንበል። 1,000 ፍሬ 0.3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ስለዚህ የብራህማ ቀን ወደ 13 ኩንታል ጤፍ ይወጣዋል። ከካሊ ዩጋ እስከ ዛሬ ያለፈው ግን አንድ ግራም ተኩል ነው፤ በሁለት ጣት ይቆነጠራል።

ቁጥሩ ለግርማ ብቻ የተቆለለ ይመስላል። አይደለም፤ የሒሳብ መሣሪያ ነው። ሱርያ ሲድሃንታ የተባለው የሳንስክሪት መጽሐፍ የወርን ርዝመት በክፍልፋይ አይሰጥም። በአንድ ማሃ ዩጋ 1,577,917,828 ቀንና 53,433,336 የጨረቃ ወር አለ ይላል፤ ሁሉም ሙሉ ቁጥር። የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል አንዱ ወር 29.530588 ቀን ይሆናል። ይህ ውጤት ከዛሬው ልኬት የሚለየው ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ነው። ቴሌስኮፕ ያኔ አልተፈጠረም።

12 የጨረቃ ወር 354 ቀን ነውና ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ይጎድላል (በእኛ ባሕረ ሐሳብ ለአበቅቴ መነሻ የሆነው ያው 11 ነው)። ጉድለቱን ለመሙላት በየ32 ወር ተኩሉ አንድ ወር ይጨመራል፤ በአንድ ማሃ ዩጋ 1,593,336 ጊዜ። በተጨመረው ወር ሠርግ አይደገስም። ወሩ ደግሞ 30 ቲቲ አለው። ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ያልፋል፤ አንዱ 20 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው ከ26 ሰዓት በላይ ይቆያል። በዓል የሚውልበትን ቀን ለማወቅ ፓንቻንጋ የተባለው መቁጠሪያ የሚገለጠው ለዚህ ነው።

የዓመቱ ርዝመት ግን እንደ ወሩ አልሆነም። መጽሐፉ ፀሐይን የለካው በከዋክብት እንጂ በወቅቶች ስላልሆነ፣ ዓመቱ ከወቅቶቹ ዑደት በየዓመቱ 24 ደቂቃ ያህል ይረዝማል። 24 ደቂቃ በ60 ዓመት አንድ ቀን፣ በ1,400 ዓመት 23 ቀን ነው። የህንድን የዘመን አቆጣጠር ለማረም በ1945 ዓ.ም. በፊዚክስ ሊቁ ሜግናድ ሳሃ የሚመራ ኮሚቴ ተቋቁሞ በአገሪቱ 30 ያህል የዘመን አቆጣጠሮች መኖራቸውን አየ። መጋቢት 13 ቀን 1949 ዓ.ም. የታረመው ብሔራዊ አቆጣጠር ሥራ ላይ ዋለ። መንግሥት በጋዜጣው ይጽፈዋል፤ በዓላቱ ግን ከፓንቻንጋ አልወጡም። ፀሐይ ወደ ሰሜን መመለስ የምትጀምርበት ቀን ታኅሣሥ 12 ወይም 13 ነው፤ ከዚያ መመለስ ጋር የተያያዘው ማካር ሳንክራንቲ የሚከበረው ጥር 6 ገደማ ነው።