ኳስ እንጀራ ይሆናል?



በሽንዲ ገበያ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት እናት ልጇን እየጎተተች ወደ እኛ መጣችና «ኡስታዝ፣ እስኪ ይፍረዱኝ፤ ኳስ እንጀራ ይሆናል?» ስትል ጠየቀችን። አባቱ ጥሎት ከሄደ ቆይቷል። ልጁ ከቁርኣኑም ከቀለሙም ቀርቶ ሜዳ ለሜዳ ይውላል። ለምን እንደሆነ ብንጠይቀው ከብዙ ዝምታ በኋላ «ክፍል ውስጥ አባት የለሽ እያሉ ይሰድቡኛል፤ ሜዳ ላይ ግን የሚሰድበኝ የለም» አለን። ይህን ስንሰማ ሉቻኖ ቫሳሎ ትዝ አለን።

ሉቻኖ ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. አስመራ ውስጥ ተወለደ። እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ የጣሊያን ወታደር ነበር። ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ፋሺስቶች፣ ጣሊያናዊ አባት ከአገሬው ሴት የወለደውን ልጅ «ልጄ» ብሎ እንዳይቀበል የሚከለክል ሕግ አወጡ። አባት በሕይወት ሳለ ልጅን አባት የለሽ የሚያደርግ ሕግ! ሉቻኖን ያሳደገችው እናቱ ናት፤ ያደገውም «ክልስ» መባል ስድብ በነበረበት ዘመን ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አቡ ዘር (ረ.ዐ.) አንድን ሰው በእናቱ ባነወሩ ጊዜ እንዴት እንደገሠጿቸው በመድረሳ ተምረናል። በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ ግን እንረሳዋለን። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም፤ ሰምተን እንዳልሰማን ያለፍን መምህራንም አለንበት።

ወደ ሉቻኖ እንመለስ። መካኒክነት ተማረ፤ ኳስም ተጫወተ። በድሬዳዋው ኮተን ተሰለፈ፤ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆነ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተደረገ፤ ተጋጣሚዋ ግብጽ ሁለት ጊዜ መርታለች። መደበኛው ጨዋታ ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሁለት ለሁለት ያደረገው ሉቻኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ጎል አከሉ፤ 4 ለ 2። የእናቱ ልጅ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አብረውት ከተሰለፉት አንዱ አዋድ መሐመድ እንደነበረም ልጆቻችን ይወቁ።

እግር ያረጃል። ሉቻኖ ግን ለዚያ ቀን ተሰናድቶ ነበር። ጣሊያን አገር ኮቨርቻኖ በሚገኘው የአሰልጣኞች ትምህርት ቤት ተማረና የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆነ። ተጫዋች የራሱን እግር ቢያውቅ ይበቃዋል፤ አሰልጣኝ የሌላውን እግርም ልብም ማወቅ አለበት። ድምፁ ያማረ ቃሪእ ሁሉ ጥሩ ኡስታዝ አይሆንም። ማስተማር ራሱን የቻለ ዕውቀት ነውና።

በደርግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በጅቡቲ በኩል ተሰደደ። ሜዳውም፣ ቡድኑም፣ ስሙም እዚሁ ቀሩ። ሮም አጠገብ ኦስቲያ ሲደርስ አብረውት የነበሩት የእጅ ሙያውና የተማረው ማሠልጠን ናቸው። በሙያው ኖረ፤ ሕፃናትንም ኳስ አስተማረ። የሕይወት ታሪኩን የጻፈበት መጽሐፍ ርዕሱ «እማማ፣ ገንዘቡ ይኸው» ማለት ነው። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ አረፈ።

ይህን ለእናትና ልጅ ነገርናቸው። እናት የያዘችው የመጽሐፉን ርዕስ ብቻ ነው፤ «ገንዘቡን ለእናቱ ሰጠ?» ብላ ደጋግማ ጠየቀችን። ልጁ ግን «ኡስታዝ፣ የአሰልጣኝ ትምህርት ቤት ለመግባት ስንተኛ ክፍል ይጠይቃሉ?» አለ። እናቱ ሳቀች። ጠዋት ትምህርት፣ ኳስ ደግሞ ከዐስር ሰላት በኋላ እንዲሆን ተስማማን። የስድቡ ጉዳይ የእኛ ዕዳ ነበር፤ በማግስቱ ክፍል ገብተን የልጁን ስም ሳንጠራ የአቡ ዘርን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምረን ነገርናቸው።