አጥር ያለው ጓሮ

ጓሮ ማለት ከቤታችን ጀርባና ዙሪያ ያለው ትንሽ መሬት ነው። ከማሳችን ጋር ሲተያይ ጠባብ ነው። ነገር ግን አፈሩ የሰባ ነው። አመዱ፣ የቤት ጥራጊው፣ የከብቱ አዛባ እዚያ ይጣላል። ለዓይንም ቅርብ ነው። እቃ ያጠብንበትን ውሃ እንኳ ከደጃፍ ወጣ ብለን ልናጠጣው እንችላለን።

ጓሮ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመን መቼ ነው? ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ጎተራው ይጎድላል። አዲሱ እህል ገና በማሳ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ጓሮው ጎመን ያለው ቤት ልጆቹን አብልቶ ያሳድራል። የሌለው ቤት ግን እህል ይበደራል፤ ወይም ለነገ ያሰባትን ጊደር ይሸጣል። አባቶቻችን «ጎመን በጤና» ያሉት በከንቱ አይደለም።

ስለ ጤና ካነሳን ዳፍንትን እናንሳ። ልጅ ሲመሽ ማየት ሲያቅተው፣ በደንገዝገዝታ እቃ እየመታ ሲሄድ፣ ዳፍንት ያዘው እንላለን። ይህ በሽታ በአብዛኛው የሚመጣው ቪታሚን ኤ የሚባለው ነገር ከምግብ ውስጥ ሲያንስ ነው። ዝም ከተባለ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ጎመን፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ፓፓያና ማንጎ ይህን ቪታሚን ይሰጡናል። በጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ሲበሉ ደግሞ ሰውነት ይበልጥ ይጠቀምባቸዋል። ዳፍንት የያዘውን ልጅ ግን በጎመን ብቻ እናድነዋለን ማለት አይገባም። ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው።

ጓሮአችን ለምን ይጠፋል?

ታዲያ ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ፣ በየቤታችን ለምን አይገኝም? ሳንተክል ቀርተን አይደለም። በክረምት እንተክላለን፤ በበጋ እናጣዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ አገራችን መኸር ተሰብስቦ ሲያልቅ ከብቱ ሁሉ ይለቀቃል። በሬውም፣ አህያውም፣ ፍየሉም በቃርሚያው ላይ ይሰማራል። ቃርሚያው ሲያልቅ በመንደሩ ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ጓሮ ብቻ ነው። አንዲት ፍየል የዓመት ድካማችንን በአንድ ጠዋት ትጨርሰዋለች። ከዚያ በኋላ የሚተርፈን ጠብ ነው። «ፍየልህ በላችብኝ»፣ «አንተስ ለምን አላጠርክም» እየተባባልን ሽማግሌ እናደክማለን።

በጌዴኦ፣ በሲዳማና በጉራጌ አገር ያሉ ገበሬዎችን እንመልከት። እንሰታቸውን ከቤታቸው አጠገብ ይተክላሉ። የከብቶቻቸውን ፍግ ለእንሰቱ ይሰጣሉ። ጌዴኦዎች እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን አብረው ያበቅላሉ። ይህ አገራቸው በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጓሮን የሚያለማው ሰፊ መሬት ሳይሆን ጥበቃና ፍግ መሆኑን ከእነሱ እንማራለን።

ስለዚህ አጥር ይቀድማል፤ ዘር ይከተላል።

ምን ዓይነት አጥር?

ብዙዎቻችን እሾህ ቆርጠን እናጥራለን። የእሾህ አጥር ግን ዕድሜ የለውም። ምስጥ ይበላዋል። ማገዶ ሲያጥርም ከዚያው እየመዘዝን እናነዳለን። በየዓመቱ ለማደስ ስንል ግራሩን እንጨርሳለን። ከሕያው ተክል የተሠራ አጥር ግን አንዴ ከያዘ እያደገና እየጠነከረ ይሄዳል። ለዚህ የሚሆኑ ተክሎች በአካባቢያችን አሉ።

ሰንሰል፦ በአንዳንድ አገር ስሚዛ ይባላል። ቅጠሉ መራራ ስለሆነ ከብት አይወደውም። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሲተከል ቶሎ ይይዛል። አበባውን ንብ ትቀስማለች።

ቅንጭብና ቁልቋል፦ ዝናብ ባነሰበት አገርም ይይዛሉ። ከብት አይነካቸውም። ነገር ግን ወተታቸው ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ስንቆርጣቸው ፊታችንን እናርቅ። ሥራው ሲያልቅ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ሕፃናት እንዳይጫወቱባቸው እንጠብቅ።

ቀጋና አጋም፦ እሾኻቸው ፍየልን ያስቸግራል። ፍሬያቸውን ደግሞ ልጆች ይበሉታል። ቶሎ ስለማያድጉ ከሰንሰል ጋር ብናሰባጥራቸው ይሻላል።

ኮረች፦ ወፍራም ቅርንጫፉ እንደ ካስማ ሲተከል ያቆጠቁጣል። አፈሩንም ያዳብራል።

አተካከሉ እንዴት ነው?

1ኛ. ክረምቱ ሲጀምር፣ አፈሩ በደንብ ሲርስ እንትከል።

2ኛ. የሰንሰሉን ቅርንጫፍ አንድ ክንድ ያህል አድርገን እንቁረጥ። ሁለት ወይም ሦስት አንጓ መሬት ውስጥ ይግባ። ቅንጭብ ከሆነ ግን የተቆረጠው እንዲደርቅ ጥቂት ቀን በጥላ ሥር ይቆይ። እርጥቡን ቢተከል ይበሰብሳል።

3ኛ. በሁለት መስመር እንትከል። በአንዱና በሌላው መካከል አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። የሁለተኛው መስመር ተክል በመጀመሪያው ክፍተት ትይዩ ይቁም።

4ኛ. ጉልበታችን ድረስ ሲያድግ ጫፉን እንቁረጠው። ያኔ ከሥሩ ቅርንጫፍ ያበዛል። ሳይቆረጥ ከቀረ ወደ ላይ ይረዝማል፤ ከሥሩም ለበግና ለዶሮ በር ይከፍታል።

5ኛ. አጥሩ እስኪደድር ሁለት ክረምት ይፈልጋል። እስከዚያ ድረስ ከውጭ በኩል እሾህ እናስጠጋለት።

በአጥሩና በአትክልቱ መካከል አንድ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ እንተው። አለዚያ አጥሩ ራሱ ጥላና ሻሚ ይሆንበታል።

ከአጥሩ ውስጥ ምን እንትከል?

መጀመሪያ ጎመን ነው። መደቡ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ይኑረው። ይህ ከሆነ ከሁለቱም ወገን ሳንረግጠው እንሠራበታለን። በሚያዝያ መጨረሻ የተዘራና በእጅ ውሃ የጠጣ ጎመን ሐምሌ ላይ ይቀጠፋል። ስንቀጥፍ የታችኛውን ቅጠል እንጂ ቀንበጡን አንንካ። ያኔ ደጋግሞ ይሰጠናል። የጠነከሩትን ጥቂት እግሮች ሳንቀጥፍ ለዘር እንተዋቸው።

ዱባ ብዙ ቦታ ስለሚይዝ ከዳር ይተከል። ሐረጉ ወደ ውጭ ይሂድለት። ድንች፣ ቲማቲምና ቃሪያ ዘመዳሞች ናቸው። ያንዱ በሽታ ሌላውን ይይዛል። ስለዚህ ዘንድሮ ድንች በነበረበት መደብ ላይ በሚቀጥለው ዓመት ቲማቲም አንትከል፤ ጎመን ወይም ሽንኩርት ይተካው።

ትኩስ አዛባ ተክልን ያቃጥላል። ከቅጠልና ከአረም ጋር በጉድጓድ ተከምሮ፣ እርጥበቱ ሳይደርቅ፣ ቢያንስ ሦስት ወር ይብላላ። ጥቁር አፈር ሲመስል፣ ሽታውም ሲጠፋ፣ ያኔ ደርሷል።

ፍራፍሬውን እንደ አገራችን እንምረጥ። ደጋ ከሆነ ኮክና ፖም ይሆናል፤ የጨንቻ ፖም በገበያ የታወቀ ነው። ወይና ደጋ ከሆነ አቮካዶና ዘይቱን ይስማማዋል። ቆላ ከሆነ ማንጎ፣ ሙዝና ፓፓያ አሉለት።

ቶሎ የሚደርስልን ፓፓያ ነው። ሙቀትና ውሃ ካገኘ በአንድ ዓመት ገደማ ያፈራል። ብዙ ሰው ግን «ፓፓያዬ አበባ ብቻ ነው፤ ፍሬ የለውም» ይላል። ምክንያቱ ፓፓያ ወንዴና ሴቴ ስላለው ነው። ችግኝ እያለ አይለይም። ስለዚህ በአንድ ጉድጓድ 3 ችግኝ እንትከል። ሲያብብ የወንዴው አበባ በረጅም ዘንግ ላይ ይንጠለጠላል። የሴቴው አበባ ወፈር ብሎ ከግንዱ ይጠጋል። ከጉድጓዱ አንድ ሴቴ አስቀርተን ሌላውን እንንቀል። በጓሮው ውስጥ ግን አንድ ወንዴ ይቁም፤ ለአሥር ሴቴ ይበቃል። አንዳንዱ የፓፓያ ዓይነት ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ አበባ ይይዛል፤ እሱ ብቻውን ያፈራል።

በምን እንጀምር?

ይህን ሁሉ ባንድ ክረምት እንጨርሰው አንልም። ዘንድሮ አጥሩን እንትከል፤ ከውስጡ አንድ የጎመን መደብ እናውጣ። ከርሞ ፓፓያውን ወይም ኮኩን እንጨምር። ከጎረቤት ጋር ድንበር የምንጋራ ከሆነ ደግሞ አጥሩን አብረን እንትከለው። ሥራው ይቀላል፤ ጠቡም ይቀራል። ፍየሏ የእሱም ብትሆን የእኛ፣ ከውጭ ትቆማለች። ነሐሴ ሲመጣም የሁለታችንም ድስት ይወጣል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችን ከብት የማይበላው ተክል የትኛው ነው?
2. ዱሮ ተክለን የጠፋብን ምን ነበር? ምንስ አጠፋው?
3. ከየትኛው ጎረቤታችን ጋር አጥር አብረን ልንተክል እንችላለን?