ያልተመዘገበ ስም ያስከተለው ኪሣራ

እ.ኤ.አ. በ2000/2001 የውድድር ዓመት የአውሮፓ ቅርጫት ኳስ ሁለት ሻምፒዮን አወጣ። የጠቡ መነሻ ገንዘብ ነበር። ትልልቅ ክለቦች የቴሌቪዥንና የስፖንሰር ገቢውን ራሳቸው ለማስተዳደር ፈለጉ። በሊጎቹ ኅብረት በዩሌብ በኩልም ከዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከፊባ ተገንጥለው የራሳቸውን ውድድር አቋቋሙ።

አስገራሚው የስሙ ጉዳይ ነው። ፊባ «ዩሮሊግ» እያለ ዓመታት ሲሠራበት የኖረውን ስም በንግድ ምልክትነት አላስመዘገበውም ነበር። አንድ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ እንኳ የማይረሳው ነገር ነው! ተገንጣዮቹ ስሙን አንሥተው ወሰዱት፤ ፊባም በሕግ የሚከራከርበት መሠረት ስላልነበረው ለራሱ ውድድር «ሱፕሮሊግ» የሚል አዲስ ስም ለማውጣት ተገደደ።

ገበያውም ለሁለት ተከፈለ። ሪያል ማድሪድ፣ ባርሴሎናና ኪንደር ቦሎኛ ወደ ዩሌብ ሲሄዱ፣ ፓናቲናይኮስ፣ ማካቢ ቴል አቪቭና ሲኤስኬኤ ሞስኮ ከፊባ ጋር ቀሩ። ግንቦት 2001 ማካቢ ፓሪስ ላይ ፓናቲናይኮስን 81 ለ67 አሸነፈ። ቦሎኛ በበኩሉ የስፔኑን ታው ሴራሚካ ከአምስት ጨዋታ 3 ለ2 ረትቶ ዋንጫ አነሣ። ሁለቱ ባለ ዋንጫዎች ግን አልተጋጠሙም። ስፖንሰሮች «የአውሮፓ ሻምፒዮን» ብለው የከፈሉበት ዕቃ ግማሽ ነበር ማለት ነው።

በቀጣዩ የውድድር ዓመት ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ወደ አንድ ውድድር ተመለሱ። መጠሪያውም ዩሮሊግ ሆኖ ጸና፤ አስተዳደሩም በተገንጣዮቹ እጅ ቀረ።