ሃይማኖት ሲለወጥና ሲሸሸግ

ገላባት ከመተማ ትይዩ የምትገኝ የቆየች የንግድ በር ናት። ነገር ግን በዚያ ወሰን ያለፈው ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ በሃይማኖቱ ምክንያት አገሩን የለቀቀ ሰውም አልፎበታል።

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከጎንደርና ከትግራይ የተነሡ ብዙ ቤተ እስራኤላውያን በእግራቸው ወደ ሱዳን ወርደው በገዳሪፍ አውራጃ፣ በኡም ራኩባ የስደተኞች ሰፈር ተቀመጡ። በዚያም እንዳይታወቁ ሃይማኖታቸውን መሸሸግ ግድ ሆነባቸው፤ ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ ለብቻ የሚቀመጡበት ጎጆና የመንጻቱ ሥርዓት ተቋረጠ። በመንገድና በሰፈር 4,000 ያህል ሰዎች በረኃብና በበሽታ እንዳለቁ ይገመታል። ከተረፉት ብዙዎቹ ከኅዳር 1977 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ።

ሃይማኖት የለወጡትን የገጠማቸው ግን ሌላ ነው። ከ1852 ዓ.ም. ወዲህ በሚሲዮናውያን ስብከት የተጠመቁት ሰዎች ዘሮች ፈላስ ሙራ ይባላሉ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጥ ሕዝብ ከአዲስ አበባ ሲወሰድ፣ እነዚህ ክርስቲያን ናችሁ ተብለው ቀሩ። አያት በተጠመቀ የልጅ ልጅ ከአጎቱ ተለየ። እርሻቸውን ጥለው የመጡትም በከተማ ለዓመታት በችግር ጠበቁ። በሄዱት ዘንድ ሐኪሞች ያዩት ጭንቀትና ኀዘንም አንዱ ምክንያቱ ይኸው የዘመድ መለየት ነበር።

ስለዚህ በመዝገብ ላይ የሃይማኖትን ስም የሚጽፍ አስተዳዳሪ፣ አንዲቱ ቃል እናትን ከልጅ ልትለይ እንደምትችል ልብ ማለት ይገባዋል።