ከኖራ ድንጋይ ሥር ያለ ውሃ

በአንዳንድ አገር ዝናብ በደንብ ይዘንባል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ግን ውሃ የለም። እናቶች እንስራ አዝለው ሩቅ ይሄዳሉ። ታዲያ ያ ሁሉ ዝናብ የት ገባ? መሬት ውስጥ ነው የገባው።

ይህ በብዛት የሚታየው የኖራ ድንጋይ ባለበት ነው። በአገራችን በባሌ፣ በሐረርጌና በመቀሌ አካባቢ ብዙ አለ። የዝናብ ውሃ ከአየርና ከአፈር በሚያገኘው ጋዝ የተነሣ በጥቂቱ ይኮመጥጣል። ምላሳችን አይለየውም፤ ድንጋዩ ግን ይለየዋል። ውሃው በስንጥቁ እየገባ በብዙ ሺህ ዓመታት ድንጋዩን ያሟሟል። ስንጥቁ ይሰፋና ቦይ ይሆናል፤ ቦዩም ዋሻ ይሆናል። የባሌውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ያየ ሰው ይህ ይገባዋል። የወይብ ወንዝ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላ በኩል ይወጣል። የዋሻው መንገዶች ርዝመት ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

በአሸዋ ውስጥ ያለ ውሃ በሁሉም በኩል ይዳረሳል። በኖራ ድንጋይ ውስጥ ግን እንደዚያ አይደለም። ውሃው በስንጥቅና በቦይ ብቻ ነው የሚሄደው። ጉድጓድ ስንቆፍር ስንጥቁን ካገኘነው ውሃ ይፈልቃል። ሃያ እርምጃ ፈቀቅ ብለን ብንቆፍር ግን ደረቅ ድንጋይ ብቻ ልናወጣ እንችላለን። ገንዘባችንም ጉልበታችንም ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ጋን ሙሉ ይሁን ጎዶሎ ሳንከፍተው በእጃችን መታ መታ አድርገን እናውቃለን። መሬትንም ሳይቆፍሩ የሚያውቁበት ዘዴ አለ። ይኸውም በኤሌክትሪክ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. ኮንራድ ሽሉምበርገር የተባለ ፈረንሳዊ በኖርማንዲ መሬት ላይ ሞክሮታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የብረት ችካሎች በአንድ መስመር፣ ለምሳሌ በየ5 ሜትሩ፣ ይተከላሉ። በሽቦም ከመሣሪያው ጋር ይያያዛሉ። በሁለቱ ችካሎች ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይገባል፤ መሬቱ ምን ያህል እንደተቋቋመው ደግሞ በሌሎቹ ሁለት ይለካል። ደረቅ የኖራ ድንጋይ ኤሌክትሪክን አላሳልፍም ይላል። ባዶ ዋሻማ ከዚያም የባሰ ነው። ውሃ የያዘ ስንጥቅ ግን ያሳልፋል። በችካሎቹ መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ የጥልቁ መሬት ይታወቃል። ዱሮ አራቱን ችካል በእጅ ሲነቅሉና ሲተክሉ ይውሉ ነበር። ዛሬ ብዙ ችካል ባንዴ ይተከላል፤ መሣሪያው ራሱ እያፈራረቀ ይለካል። ኮምፒዩተርም ቁጥሩን ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። መሬቱ እንደ ዳቦ በቢላ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ ይመስላል።

በሥራው ሰዓት ችካሉንና ሽቦውን መንካት አደገኛ ነው። ልጆችንና ከብቶችን ማራቅ አለብን።

ሥዕሉ ታዲያ አንዳንዴ ያታልላል። እርጥብ የሸክላ ጭቃም ኤሌክትሪክን ያሳልፋልና። ስንጥቁን ጭቃ ሞልቶት ከሆነ በሥዕሉ ላይ ውሃ ይመስላል፤ ስንቆፍር ግን የምናወጣው ጭቃ ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የመጀመሪያውን መስመር የሚያቋርጥ ሌላ መስመር ዘርግተው እንደገና ይለካሉ። የአገሩንም ሽማግሌ ይጠይቃሉ፦ በበጋ የማይደርቀው ምንጭ የቱ ነው? የክረምቱ ጎርፍ የሚሰርገው የት ላይ ነው? መሬቱ የሰመጠበትስ ቦታ አለ ወይ? መቆፈሪያው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።