ልጅ ሲተርክ፦ አንደኛ መደብ በልጆች ልቦለድ

በአንደኛ መደብ የሚተረክ ልቦለድ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ያየውንና የሰማውን ራሱ የሚያወጋበት ነው። ሁሉን አወቅ ተራኪ የሰው ሁሉ ልብ ውስጥ ይገባል፤ ይኼኛው ግን ያልነበረበትን ሊናገር አይችልም። ከ8 እስከ 12 ዓመት ላሉ አንባቢዎች ሲጻፍ ተራኪው አብዛኛውን ጊዜ እኩያቸው ስለሚሆን የሚያውቀውም በዕድሜው ልክ ነው።

ገደቡ ጣጣ አለው። በስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» (1883 እ.ኤ.አ.) ጂም ሆኪንስ የመርከበኞቹን ሴራ የሚሰማው ፖም በርሜል ውስጥ ገብቶ ሳለ ነው፤ እሱ በሌለበት ለሆነው ደግሞ ደራሲው የሦስት ምዕራፍ ትረካ ለሌላ ገጸ ባሕርይ፣ ለሐኪሙ፣ አስረክቧል።

ልጁ የሚተርከው ስለ ጅግጅጋ ከተማ ከሆነ ደግሞ፣ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ለልጆች ያልተጻፈ ግለ ታሪክ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. እዚያው የተወለደው ነጋ መዝለቂያ በእንግሊዝኛ የጻፈው «ኖትስ ፍሮም ዘ ሃይናስ ቤሊ» በ2000 እ.ኤ.አ. የካናዳን የገቨርነር ጄነራል ሽልማት አግኝቷል። በመጽሐፉ ተራኪው አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው፦ የጅግጅጋው ተንኮለኛ ልጅና ካናዳ ሆኖ ዘመኑን የሚተነትነው መሐንዲስ። ለአዋቂ አንባቢ ይህ ሀብት ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ግን ትንተናው ላይ መጽሐፉን ይዘጋዋል።

«ጅግጅጋ በመስከረም 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች» የሚል ተራኪ ልጅ ሳይሆን ጋዜጣ ነው። ልጅ ሲያወራው እንዲህ ነው፦ «እናቴ ማሽላውን በጣሳ ሰፈረች። አባቴን አየት አድርጋ መልሳ ጆንያው ውስጥ ከተተችው። ለምን ብላት ‹ሂድ ውሃ ቅዳ› አለችኝ።» ጦርነት የሚል ቃል የለበትም፤ ሥጋቱን አንባቢው ራሱ ይደርስበታል።

በአማርኛ ግሡ ተናጋሪውን ስለሚያሳይ በየዓረፍተ ነገሩ «እኔ» ማለት ልጁን ጉረኛ ያስመስለዋል። «ዘልዬ፣ አጥሩን ይዤ፣ ቁልቁል አይቼ» እያሉ ግሥ በግሥ ላይ መቀጠል የልጅን ጥድፊያ አሳምሮ ያወጣል፤ ገጽ ሙሉ ሲሆን ግን ያታክታል። ጅግጅጋ ውስጥ ቤቱ አማርኛ የሚያወራውንም ልጅ ጓደኛው ከመንገድ ማዶ የሚጠራው በሶማሊኛ «ወርያ!» ብሎ ነው። ይህን ለማረም የሚቃጣው ደራሲ ከተማዋን ከልቦለዱ ያስወጣታል።

የመተረኪያው ጊዜም ይታሰብበታል። በጦርነቱ መሃል የሚተርክ ልጅ የካቲት 26 ካራማራ ላይ የሶማሊያ ጦር እንደሚሸነፍ አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚተርክ ከሆነ ግን ከጎረቤት ማን እንደተመለሰ፣ ማን እንደቀረ ያውቃል፤ ይህንን እስከየትኛው ምዕራፍ ይዞ እንደሚቆይ ደራሲው የመጀመሪያውን ገጽ ሳይጀምር መወሰን ይኖርበታል።