ለንደን የሠራቻቸው ትናንሽ ትራክተሮች፦ ለምን እንደምንጠግናቸውና እንዴት እንደሚጀመር

ዛሬ ከልቤ ስለምወደው ነገር ነው የምጽፍላችሁ። ረዘም ስለሚል ጊዜ ስታገኙ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለንደንና ዙሪያዋ የድሮ የጓሮ ትራክተር እየፈለጉ የሚጠግኑ፣ ጠግነውም የሚያሠሩ ሰዎች አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። የጓሮ ትራክተር ስል ባሌና አርሲ የስንዴ ማሳ ላይ የምናውቀውን ግዙፍ ትራክተር ማለቴ አይደለም። አብዛኞቹ አንድ ሲሊንደር ሞተርና ሁለት ጎማ ብቻ ያላቸው፣ ሰው ከኋላ እጀታቸውን ይዞ እየተራመደ የሚያርስባቸው ናቸው፤ አገር ቤት ዎኪንግ ትራክተር የሚባለው ዓይነት። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሞተሩ የበሬዎቹን ቦታ ያዘ እንጂ እጀታው ያው እርፍ ነው።

ዋናውን ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። እነዚህ ማሽኖች ሰባና ሰማንያ ዓመት የዘለቁት ብረታቸው ስለጠነከረ ብቻ አይደለም። ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲፈታቸውና መልሶ እንዲገጥማቸው ታስበው ስለተሠሩ ነው። ከዚያም በላይ፣ መፍታትና መግጠሙን የሚያውቅ ሰው ለማያውቀው ሳይሰስት ስላሳየ ነው። ይህ ለንደን ላለነው ጥሩ የእረፍት ቀን ጨዋታ ነው፤ ለአገራችን ገበሬ ግን ትልቅ ቁም ነገር አለው።

◾️ ሂትሮው አትክልት ሲበቅልበት

ከቦሌ ተነስታችሁ ሂትሮው ያረፋችሁ ሁሉ የቀድሞ የአትክልት ማሳ ላይ ነው ያረፋችሁት። የአውሮፕላን ማረፊያው ግንባታ በ1944 እስኪጀመር ድረስ ያ ሜዳ ለም በሆነ አፈሩ የታወቀ ነበር፤ የሚድልሴክስ ገበሬዎችም የእርሻ ውድድር ያደርጉበት ነበር። ለንደን ጎመኗን፣ ሰላጣዋንና ቲማቲሟን የምታገኘው በዙሪያዋ ከነበሩ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ማሳዎችና በሰሜን በኩል በሊ ሸለቆ ከተደረደሩት የመስታወት ቤቶች ነበር።

የእነዚህ አትክልተኞች ችግር ቀላል አልነበረም። ፈረስ ሠራም አልሠራም ይበላል። ትልቁ ትራክተር ደግሞ ዋጋው ከአቅም በላይ ነው፤ ቢገዛም በጎመን መደብ መካከል ዞሮ መመለሻ የለውም። ትንሹ ትራክተር የተወለደው ከዚህ ችግር ነው።

ከለንደን በስተሰሜን፣ ባርኔት አጠገብ በቤንትሊ ሂዝ፣ በ1930ዎቹ ትራስቲ የተባለው ባለሁለት ጎማ ትራክተር ይሠራ ጀመር። በደቡብ ምዕራብ በኩል ሃምፕተን ሂል ላይ የነበረው ብሪቲሽ አንዛኒ የተባለ ኩባንያ አይረን ሆርስ፣ ማለትም የብረት ፈረስ፣ የሚል ስም የሰጠውን ሠራ። ኢፕስዊች ከተማ ያለው ራንሰምስ ደግሞ በ1936 ኤምጂ የተባለችውን በሰንሰለት የምትሄድ ትንሽ ትራክተር አወጣ። በላይዋ ተቀምጠው በሁለት ዘንግ ነው የሚያዞሯት፤ የሰንሰለቷን ሥራ ያበረከተው ሮድለስ የተባለው የሃውንስሎው ድርጅት ነው። ሞዴሏ እየተሻሻለ እስከ 1966 ድረስ ወደ 15,000 ተመርታለች።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የጓሮ እርሻ የአገር ጉዳይ ሆነ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች እህል የጫኑትን መርከቦች ሲያሰጥሙ፣ መንግሥት ሕዝቡ ባገኘው መሬት ሁሉ ምግብ እንዲያበቅል ጥሪ አቀረበ። በ1939 ወደ 815,000 የነበረው የአትክልት ምሪት ቦታ በ1943 ወደ 1.4 ሚሊዮን ደረሰ። ሃይድ ፓርክ እንኳ ተቆፍሮ አትክልት ተተከለበት።

◾️ ከሰማይ ወደ ጎመን መደብ

ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚያስደስተኝ የሞተሮቹ ነገር ነው። የብዙዎቹ ትራስቲዎችና አይረን ሆርሶች ሞተር ጃፕ ይባላል። ጆን አልፍሬድ ፕሬስትዊች የተባለ የለንደን ወጣት በ1895፣ ገና በሃያዎቹ መግቢያ ላይ እያለ፣ ቶተንሃም በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ጓሮ የጀመረው ሥራ ነው። ኋላ ፋብሪካው ዛሬ የቶተንሃም ስታዲየም ካለበት ብዙም በማይርቀው ኖርዝምበርላንድ ፓርክ ተተከለ። ጨዋታ ለማየት የምትሄዱ የስፐርስ ደጋፊዎች በዚያ ሠፈር አልፋችሁ ነው የምትሄዱት።

በሐምሌ 1909 አሊዮት ቨርደን ሮ የተባለ መሐንዲስ፣ 9 የፈረስ ጉልበት ያለውን የጃፕ ሞተር ባለሦስት ክንፍ አውሮፕላኑ ላይ ገጥሞ ከዋልተምስቶው ረግረጋማ ሜዳ ተነሳ። ሙሉ በሙሉ የእንግሊዝ ሥራ የሆነ አውሮፕላን በሞተር ኃይል ሲበር ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚያው ወር በ25ኛው ቀን ፈረንሳዊው ብሌሪዮ የእንግሊዝን ባሕር ሰርጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ሲሻገር የተሸከመው ሞተር የአንዛኒ ነበር። ሁለቱ ስሞች በአንድ ወር ሰማይ ላይ ወጡ፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ አይረን ሆርስ ላይ ተገናኙ፤ ትራክተሩ የብሪቲሽ አንዛኒ፣ ሞተሩ የጃፕ። የሮ አውሮፕላን ዛሬ በለንደኑ ሳይንስ ሙዚየም ይገኛል። መግቢያው ነፃ ነው፤ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሳዩአቸው።

◾️ ለዓመታት የቆመ ሞተር እንዴት ይነሳል?

ብዙ ሰው የድሮ ሞተር ሲያገኝ ወዲያው ገመዱን ይስባል። ይህ አይደረግም። ዝገት ውስጥ ፒስተን በግድ ቢንቀሳቀስ ሲሊንደሩን ይቧጭረዋል፤ ፋሻውንም ይሰብረዋል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው።

1. መጀመሪያ ካንዴላውን ፍቱ። በቀዳዳው ቀጭን ዘይት ጨምሩና ተዉት። ነክሶ ከሆነ ዘይቱ እስኪሰርግ ቀናት ይፈልጋል። ከዚያ ቮላኖውን፣ ማለትም የሞተሩን ከባድ መሽከርከሪያ፣ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቀስ እያላችሁ ወዝውዙት። ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው የሚያላቅቀው።

2. ቀጥሎ እሳት መኖሩን ፈትሹ። እነዚህ ሞተሮች ባትሪ የላቸውም። እሳቱን የሚያመነጨው ማግኔቶ ነው፤ ማግኔቱ ወይም ቦቢናው ሲሽከረከር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ፑንቲናው ሲከፈት ደግሞ ያ ኃይል ወደ ካንዴላው ይዘላል። እርጥበት ባለበት ጎተራ የቆመ ማሽን እሳት የማይሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ፑንቲናው ስለተበላሸ ነው። የማግኔቶውን ክዳን ስትከፍቱ የፑንቲናውን ሁለት ትናንሽ የብረት ገጾች ታያላችሁ፤ ሊያብረቀርቁ ሲገባቸው ግራጫ ቅርፊት ለብሰዋል። ቀጭን የብርጭቆ ወረቀት በመካከላቸው አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ፤ ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ድገሙት፣ ምክንያቱም የጣት ቅባት እንኳ መንገዱን ይዘጋል። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ያለው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ትክክለኛውን ከሞተሩ መመሪያ ላይ አንብቡ። አሁን ካንዴላውን ከኤሌክትሪክ ገመዱ ጋር አገናኝታችሁ የሞተሩ ብረት ላይ አስደግፉትና፣ አካባቢው ላይ ቤንዚን አለመኖሩን አይታችሁ፣ ጥላ ውስጥ ቮላኖውን አዙሩ። ጠቅ የምትል ሰማያዊ እሳት ካያችሁ ሞተሩ አልሞተም ማለት ነው።

3. ሰርባቶዮውን፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያውን፣ አጽዱ። ውስጡ የዛገ ከሆነ ዝቃጩ ካርቡሬተሩን ይደፍነዋል። ከ2021 ጀምሮ እዚህ አገር መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል ውሃ ይስባል፣ የድሮ ጎማና ጓርኒሲዮንም ይበላል። አነስተኛ ኤታኖል ያለውን ሱፐር ግዙ፤ ሥራ ስትጨርሱም ቤንዚኑን አውጡ።

4. ቁልፍ ላይ ተጠንቀቁ። የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ብሎንና ዳዶ በአብዛኛው በዊትዎርዝ መለኪያ የተሠራ ነው። የሚሊሜትር ቁልፍ የሚገጥም መስሎ ጥጉን ይበላዋል። የዊትዎርዝ ቁልፎች ያገለገሉ ዕቃዎች ገበያ ላይ በርካሽ ይገኛሉ።

5. ስለ ጤናችሁ፦ የድሮ ፍሪሲዮንና ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አትፋቁት፣ በአየርም አትንፉት። የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደረቁን አትሞርዱት። በማንሻ ብረት ስታስነሱ ደግሞ አውራ ጣታችሁን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ በኩል አድርጉ፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመታ በተቃራኒ በኩል ያለ አውራ ጣት ይሰበራል።

◾️ ባልንጀሮቹ

ብቻውን የሚጠግን ሰው ሞተር ያስነሳል፤ ደስታው የሚሞላው ግን ከሰው ጋር ሲሆን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ለድሮ ትራክተሮችና ሞተሮች ከ1965 ጀምሮ አገር አቀፍ ክበብ አለ፤ ለጓሮ ማሽኖች ብቻ የተቋቋመም አለ። በጋ ላይ ዐውደ ርእይ ይዘጋጃል፤ መከር ከገባ በኋላ ደግሞ አንድ ገበሬ ማሳውን ይፈቅድና ሁሉም የጠገነውን ይዞ መጥቶ ያርሳል።

እኛ ዘንድ ካሉት አንዱ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ አዛውንት ናቸው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ እየሠራ ሳለ የካቻቢቴውን ጫፍ ሲሊንደሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። ከዚያ «ቫልቩ ነው» ወይም «ኩሽኔታው ነው» ይላሉ። እኔንም ጠርተው ያንኑ ድምፅ አሰሙኝ፣ የጤነኛውንም አስከትለው አሰሙኝ፤ ልዩነቱን የለየሁት ያኔ ነው። ይህን የሚያስተምር መጽሐፍ አላየሁም። ሌላው ቶርኖ አለው፤ ገበያ ላይ የጠፋ ዕቃ ሲያጋጥም ናሙናውን ይዘንለት እንሄዳለን። ሌላዋ የሙያ መመሪያዎችን እየሰበሰበች ለጠየቃት ሁሉ ትልካለች። ለዚህ ሁሉ የገንዘብ ጥያቄ አይነሳም፤ የሚጠየቀው ያወቁትን ለቀጣዩ ማሳየት ነው።

እነሱም እኔን ይጠይቃሉ። የእኛን ማረሻ ሥዬ አሳየኋቸው፦ ሞፈሩን፣ ቀንበሩን፣ ድግሩን፣ ወገሉን። የእነሱ ማረሻ አፈሩን ይገለብጣል፤ የእኛ ግን ሰንጥቆ ያልፋል እንጂ አይገለብጥም። ጭንጫ ማሳ ላይ የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ያደረግነው ክርክር ሻይ አቀዝቅዟል።

◾️ እኛስ?

እንዲህ ያለው ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ኤንትሬ ፊያትን ለአሥርተ ዓመታት ዳገት ያስወጡት፣ ሐረር ላይ ፔዦ 404ን ታክሲ አድርገው ያኖሩት፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ ከተበታተነ ብረት ሙሉ ሞተር የሚያቆሙት የእኛ መካኒኮች ናቸው። የሚጎድለን እጅ አይደለም። የሚጎድለን መዝገብ ነው። የራንሰምስ ፋብሪካ ሰነዶች ሬዲንግ ከተማ ባለው የእንግሊዝ የገጠር ኑሮ ሙዚየም ተቀምጠዋል፤ የጠፋበትን የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት ቦታ አለው። የእኛዎቹ አዛውንት መካኒኮች እውቀት ግን ያለው ጭንቅላታቸው ውስጥ ብቻ ነው።

ጉዳዩ የትዝታ ብቻም አይደለም። ከ2013 ጀምሮ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ባለሁለት ጎማ ትራክተርን በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌ ከአነስተኛ ገበሬዎች ጋር ሞክሯል። ጥያቄው ያኔ የለንደን አትክልተኞች ከነበራቸው ጋር አንድ ነው፤ ለትንሽ መሬት የሚሆን ኃይል ከየት ይመጣል? የትራስቲና የአይረን ሆርስ ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። ማሽኑን ገዝቶ ማከፋፈል የሥራው ግማሽ ነው። ገበሬው የሚፈታው ማሽን፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የተጻፈ መመሪያ፣ በአቅራቢያው የሚገኝ መለዋወጫና የሠለጠነ መካኒክ ከሌሉ፣ አንድ ትንሽ ዕቃ በማጣት ብቻ ማሽኑ ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ለንደን ያላችሁ፣ በበጋው አንድ የድሮ ትራክተር ዐውደ ርእይ ሂዱ፤ ጠይቁ፤ የማሽኖቹ ባለቤቶች አይደብቁም፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያሳዩአችሁ። አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት መካኒክ ያላችሁ ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት ስልካችሁን አውጡና ሞተር ሲፈቱ ቅረጿቸው፤ እያንዳንዱን ዕቃ በየስሙ እየጠሩ ያስረዱ። ቅጂውን ወደዚህ ቻናል ላኩ፤ እኔ በየርእሱ እያደራጀሁ ለሁሉም ክፍት አደርገዋለሁ።